ስለ ዋግ ሕፃናት ንባብ፦ ከባሕር ማዶ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

በሰቆጣ፣ በደሃና፣ በዝቋላ፣ በጋዝጊብላና በአበርገሌ ለሚገኙ መምህራን፣ ወላጆችና የትምህርት ኃላፊዎች፤

ይህ ደብዳቤ በባዕድ አገር ከሚኖሩ የዋግ ተወላጆች የተላከ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም በኽምጣኛ አፉን የፈታ ሕፃን ማንበብን በዚያው በኽምጣኛ፣ ያውም ድምፅን ከፊደል እያዛመደ እንዲማር ነው።

ድምፅን ከፊደል የማዛመድ ዘዴ የሚጀምረው ከዓይን ሳይሆን ከጆሮ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያ የሚናገረው ቃል ከየትኞቹ ድምፆች እንደተሠራ ለይቶ መስማትን ይለማመዳል፤ ይህም የድምፅ ግንዛቤ ይባላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ድምፅ የሚወክለውን ፊደል ያውቃል፣ ጥቂት ፊደላት እንደያዘም ሳይውል ሳያድር ቃል መሥራትና ማንበብ ይጀምራል እንጂ የፊደል ገበታው ተሸምድዶ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የግዕዝ ፊደል ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቡ፣ ሉና ሱ በቀኝ ወገባቸው ላይ የተቀጠለችውን አጭር መስመር፣ ቤ፣ ሌና ሴ ደግሞ በእግራቸው ሥር ያለችውን ቀለበት ስለሚጋሩ፣ ምልክቷን ያስተዋለ ልጅ ያልተማረውን ፊደል ሳይቀር ሊያነብ ይችላል። ሳድሱ ግን መልኩ ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ፣ አንዳንዴም ያለ አናባቢ ስለሚነበብ፣ ሰፋ ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ከ«ሀ ሁ» እስከ መጨረሻው በዜማ የሚወርድ ልጅ ጣት መሐል ገበታው ላይ ሲያርፍ ዝም የሚለው፣ የያዘው ተራውን እንጂ ፊደሉን ባለመሆኑ ነው። የቤተ ክህነት መምህራን ይህን ከጥንት ስለተረዱት፣ ሀሁን ያጠናቀቀውን ተማሪ ተራውም አናባቢውም በተዘበራረቀው በአቡጊዳ፣ ማለትም «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያሰኙ ያስነብቡታል። እንግሊዝ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ6 ዓመት ገደማ ልጆቿን የምትፈትንበት የንባብ ምዘና 40 ቃላት ሲኖሩት፣ 20ዎቹ ሆን ተብለው የተፈጠሩ ትርጉም የለሽ ቃላት ናቸው፤ ዓላማው እንደ አቡጊዳው ሁሉ ልጁ በቃሉ የያዘውን እየደገመ ሳይሆን በእርግጥ እያነበበ መሆኑን ማወቅ ነው። ስለዚህ ለዋግ መምህር ይህ ዘዴ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም።

ጆሮ የሚለየው ግን የለመደውን ድምፅ ነው። ኽምጣኛ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ ከምላስ ሥር ተይዞ በአፍንጫ የሚወጣው፣ በ«ጘ» የሚጻፈው ነው። ይህን ድምፅ በአማርኛ ገበታ ላይ የማያገኘው የሰቆጣ ገጠር ልጅ አዲስ ቋንቋና አዲስ ፊደል በአንድ ጊዜ ይጫንበታል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለመማር በር ከፍቶ ኽምጣኛም ትምህርት ቤት ገብቷል፤ መጽሐፉ ግን ከቋንቋው ወደኋላ ቀርቷል። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በውጭ እርዳታ የተዘጋጁት አዳዲስ የንባብ መማሪያዎች አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛን፣ ሲዳምኛን፣ ወላይትኛንና ሀዲይኛን ሲያቅፉ፣ ኽምጣኛ ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም። ይህ ቁጭት የሚገባው ጉዳይ ነው፤ በተለይም በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከትምህርት ገበታ ተለይተው የከረሙ የዋግ ልጆች ላይ ሲደረብ።

በውጭ የሚኖረው ወገን ለትውልድ ቀዬው ሲያዋጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ሕንፃና ቆርቆሮ ነው። ያ የሚነቀፍ ባይሆንም፣ ልጁ በተማራቸው ፊደላት ብቻ የተጻፉ፣ ስለሚያውቀው ገብስ፣ ስለ ማርና ስለ ፍየል የሚተርኩ ትንንሽ የኽምጣኛ መጻሕፍት ቢቀድሙ ይሻላል። ድርሰቱና እርማቱ ቋንቋውን ጠንቅቀው ለሚያውቁት ለአገር ቤት መምህራን የሚተው ሲሆን፣ የማሳተሚያውን ወጪ መሸፈን የባሕር ማዶው ወገን ድርሻ ይሁን፤ መምህራኑም የትኞቹ ፊደላት መቅደም እንዳለባቸው ተመካክረው የመጀመሪያውን ዝርዝር እንዲልኩ በአክብሮት ይጠየቃሉ።