የዘውድ በዓል መዝሙር ኩታበር ላይ ቢዘመር ምን አለበት?

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ኩታበር በገባሁበት ጊዜ የሰፈራችን ተማሪዎች ተሰባስበን አንድ ኅብረ ዝማሬ ጀምረን ነበር። ከምንለማመዳቸው ዜማዎች አንዱ በዘመነ ኃይለ ሥላሴ የነበረው ብሔራዊ መዝሙር ነው። ለምን ቢባል ዜማው ያምራል፣ ድምፅ ተከፋፍሎም ለመዘመር ይመቻል፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ታዲያ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳንለማመድ «ይሄ የንጉሥ ውዳሴ ነው፣ መድረክ ላይ አይወጣም» ተባልንና ተውነው። ማን አለ የሚለውን ልለፈው። እኔን ግን ነገሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

መቼም ብዙዎቻችን መዝሙሩን እንሰማዋለን እንጂ ታሪኩን አናውቀውም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆች በነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ አዩና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ደረሰ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተደረገው የዘውድ በዓል ላይም ተሰማ። እስቲ አስቡት፤ ስደተኛ አርመን ያወጣው ዜማ፣ ከጎጃም የቅኔ ቤት የወጣ ሰው የጻፈው ግጥም! ይሄን ሁሉ «የንጉሥ ነው» ብሎ መዝጋት ለኔ አይዋጥልኝም።

ሃንደል የተባለው ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1727 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ጆርጅ ንግሥ የደረሰው «ካህኑ ሳዶቅ» የተባለ መዝሙር አለ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ የእንግሊዝ ንግሥ ላይ ይዘመራል፤ በ2015 ዓ.ም. ቻርልስ ሲነግሡም ተዘምሯል። ነገር ግን የትንንሽ ከተማ አማተር ዘማሪዎችም ይዘምሩታል፤ ንጉሥ ትወዳለህ ወይ ብሎ በር ላይ የሚጠይቅ የለም። (ሳዶቅ ሰሎሞንን የቀባው ካህን ነው። በክብረ ነገሥት ደግሞ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር የመጣው አዛርያስ የሳዶቅ ልጅ ነው። ጉዳዩ ከኛም የራቀ አይደለም ለማለት ነው።)

እኛስ በትምህርት ክፍላችን ምንድን ነው የምናደርገው? የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስንማር ለእነ ዐምደ ጽዮንና ለእነ ይስሐቅ የተገጠሙትን የነገሥታት ውዳሴዎች ከቀደምቶቹ የአማርኛ ጽሑፎች ተርታ እናነባለን፣ እንፈተንባቸዋለን። ያኔ «ውዳሴ ነው፣ ይቅር» ያለ መምህር አላየሁም።

እውነቱን ለመናገር ግን ያቆመን ሰው ከጠቀሰው ምክንያት የሚከብድ ሌላ ምክንያት ኩታበር ላይ አለ። እሱም የ1965ና የ66ቱ ረሃብ ነው። ወሎ ስታልቅ መንግሥት ደብቆ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ታየ። እኛ አገር መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

አያቴ ያን ጊዜ ወጣት ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟ የሞተው በዚያ ረሃብ ነው። ልምምዳችንን ከጓሮ ሆና ስትሰማ ሰንብታ አንድ ቀን፦ «ወላሂ ልጄ፣ ድምጣችሁ ያምራል፤ እሱን ግን እኔ ደጅ አትበሉት» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አሁንም የለኝም።

ያም ሆኖ ይዘመር ባይ ነኝ። ግን ዝም ብሎ አይደለም። ከመዘመሩ በፊት አንዳችን ተነሥተን ዜማውን ማን እንደደረሰው፣ ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ በ66 ደግሞ እዚህ ምን እንደሆነ እንናገር። የሚያደምጥ ያድምጥ፣ የሚወጣም ይውጣ። «አይቀርብም» ተብሎ ሲዘጋ እኮ የአያቴም ነገር አብሮ ነው የተዘጋው፤ ስለ ረሃቡ ያን ቀን አንድም ሰው አላነሣም።

ለመጪው ክረምት ልምምዱን እንደገና እንድንጀምር ለጓደኞቼ ነግሬያቸዋለሁ። ከአያቴ ደጅ ራቅ ብለን ትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው የምንለማመደው። መጥታ ስለ ወንድሟ እንድትነግረን ለምኛታለሁ፤ እስካሁን እሺ አላለችም።