ቀበቶህ ከማን ቤት ነው?

ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ ቴኳንዶ የሚሠሩ ልጆች ሲገናኙ ከስም ቀድሞ የሚጠየቀው «ኢንተርናሽናል ነህ ወይስ ወርልድ?» የሚለው ነው። ይኼ ብቻውን ክፋት የለውም። ነገር ግን ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት በዚሁ አካባቢ አንድ ልጅ ክበብ ቢቀይር፣ ሦስት ዓመት የለፋበትን ሰማያዊ ቀበቶ አስፈትተው ነጭ አስታጠቁት፤ በሳምንቱም ቀረ። የክበቡን ስም አናነሳም። ነገ የስፖርት ክፍለ ጊዜ የምንይዘው እኛው እጩ መምህራን ስለሆንን ግን ዝም ልንል አይገባም።

የተሰጠው ምክንያት «የኛ ጥንታዊው ነው፤ የነሱ የተቀየጠ ነው» የሚል ነበር። እስቲ እንየው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጃፓን ኮሪያን ለቃ በወጣችበት በ1945 ግድም፣ ሴኡል ውስጥ «ኳን» የሚባሉ ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ። ኳን በኛ አነጋገር ቤት እንደማለት ነው። ሊ ወን ኩክ በ1944 ቹንግ ዶ ኳንን ሲያቋቁሙ ያስተማሩት ጃፓን ሳሉ የቀሰሙትን ሾቶካን ካራቴ ነበር። የቻንግ ሙ ኳኑ ዩን ብዩንግ ኢን ደግሞ ማንቹሪያ ውስጥ የቻይናን የቡጢ ጥበብ ተምረዋል። ሁዋንግ ኪ ሙ ዱክ ኳንን፣ ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ኦ ዶ ኳንን መሠረቱ። ቴኳንዶ የሚለው ስም ራሱ የወጣው በ1955 ነው፤ ቃኘው ሻለቃችን በ1951 ኮሪያ ሲደርስ ስሙ ገና አልተወለደም ማለት ነው! እንግዲህ ያልተቀየጠው የቱ ነው?

መለያየቱም ቢሆን ከእርግጫው ይልቅ የፖለቲካ ጣጣ ነው። ጄኔራል ቾይ በ1966 ኢንተርናሽናሉን ፌዴሬሽን ሴኡል ላይ አቋቋሙ፤ ከመንግሥታቸው ጋር ባለመስማማታቸው በ1972 ወደ ካናዳ ይዘውት ሄዱ። በዓመቱ ወርልዱ እዚያው ሴኡል ተመሠረተ። እርግጥ የደንብ ልዩነት አለ፤ ኢንተርናሽናሉ ፊትን በቡጢ መምታት ይፈቅዳል፣ ወርልዱ ይከለክላል። ኦሎምፒክ የገባውም ወርልዱ ነው፤ የኛው ሰሎሞን ቱፋ በ2021 ቶኪዮ ላይ የተወዳደረው በዚሁ ደንብ ነው። ይኼ የሚያኮራ ነው፤ የልጅ ቀበቶ ለማስፈታት ግን ምክንያት አይሆንም።

የቅኔ ቤቶቻችንን እናስታውስ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ ሁሉም በየራሱ ይኮራል፤ ይተቻቻሉም። ከጎንጅ ወደ ዋሸራ የተሻገረውን ተማሪ ግን «እንደገና ፊደል ቁጠር» የሚለው የለም፤ «እስቲ ያለህን አሰማን» ነው የሚባለው። ሁለቱ ፌዴሬሽኖችስ በ2014 ናንጂንግ ላይ እርስ በርስ እውቅና ለመሰጣጣት ተፈራርመው የለ? ኡራኤል ላይ ምን የሚያጣላ ነገር ተገኘ?

በበኩላችን፣ በምንመራው የትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ አዲስ የመጣ ልጅ ቀበቶውን እንደታጠቀ ሁለት ሳምንት ይታይ፤ የጎደለው ደንብ ይጨመርለት እንላለን። የኳኖቹ ታሪክም በስፖርት ትምህርታችን ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያገኝ አይበዛበትም። የስፖርት መምህራኖቻችን በዚህ ላይ ያላችሁን ሐሳብ፣ ተቃውሞም ቢሆን፣ ለሚቀጥለው እትም እንድትጽፉልን እንጠይቃለን።