ካሜራ ፊት የተቆረሰ እንጀራ

የኮሮና ዘመን ሲነሳ የማይቀር አንድ ወግ አለ። «ክፉ ጊዜ ነበር፤ ግን አስተማረን። ቤታችን ገብተን ማብሰል ለመድን፤ ያለንን ተካፍለን መብላት አወቅን» ይባላል። በበዓል ዝግጅት ይባላል፣ በስብሰባ መክፈቻ ይባላል፣ ፌስቡክ ላይ ከነፎቶው ይታወሳል። እኔ ይህን ወግ አልቀበለውም። ማን ነው የተማረው? ከማንስ? በደቡብ ጎንደር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው በ2012 ዓ.ም. መካፈልን አልተማረም። እንዲያውም ሲካፈልበት የኖረውን ሥርዓት ለጊዜው ተከለከለ። በቦታው የመጣው ደግሞ ባነርና ካሜራ ያለው መካፈል ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ሲገኝ ሁዳዴ ተጋምሶ አልነበረም። በዚያው ወር መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለአሥራ አራት ቀን ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ሰብሰብ ማለት ተከለከለ፣ መጨባበጥም ተከለከለ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 የዋለው ቤት ተዘግቶ ነው።

ደሞዙ ያልተቋረጠበት የከተማ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። የለንደንና የኒውዮርክ ሰው ዱቄትና እርሾ ከመደብር ጠፋብኝ እያለ ዳቦ መጋገር ሲለማመድ፣ በእኛም ከተማ የጾም ፒዛው፣ የምስር ሳምቡሳው፣ የቤት ዳቦው አሠራር በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ይዞር ጀመር። (እርሾ እንኳ እኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም።) በዚህ ክፋት የለበትም። የፈራ ሰው ሆዱን የሚያባባለት ነገር መሥራቱ፣ የሠራውንም ለወዳጁ ማሳየቱ ያለ ነው። የማልወደው ይህ የጥቂት ቤቶች ትዝታ የአገር ትዝታ ተደርጎ መወራቱን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በዚያ ሰሞን አገሪቱን እንደ ሀብታሞቹ አገሮች መዝጋት አይቻልም ያሉት፣ ቤት የሌለው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን ወጥቶ የሚያመጣ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሎተሪ ከሚያዞሩት፣ ሲሚንቶ ከሚሸከሙት መካከል የጋይንትና የእስቴ ልጆች አሉ። አንዲት ክፍል ተከራይተው ተደራርበው ያድራሉ። እነሱን «ቤት ይቆዩ» ማለት ሳይበሉ ይደሩ ማለት ነበር።

ወደ አገር ቤት ልመለስ፤ ነገሩ የሚጠነክረው እዚያ ነው። ጋይንት የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪ ጎጆ ቀልሶ ይማርባቸዋል። ይህ ተማሪ ቀለብ የሚሰፍርለት መንግሥት የለውም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ መንደር ይወጣል፤ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለችው እናት የገብስ እንጀራ ትቆርስለታለች። ወረድ ሲል የጤፍ ወይም የዳጉሳ ያገኛል፤ ወደ ስማዳ ቆላ የማሽላ። አንዷ የባቄላ ንፍሮ፣ አንዷ ቅቅል ድንች፣ ምንም ያጣችው እፍኝ ቆሎ ትጨምርበታለች። ማታ ሁሉም አኩፋዳውን ያራግፍና ከጓደኞቹ ጋር ይቀርባል፤ የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። የወረዳ ባለሙያ ቅጽ ይዞ ቤት ለቤት ከሚዞር ያን አኩፋዳ ከፍቶ ቢያይ ዘንድሮ የትኛው ቀበሌ ምርት እንደከዳው ያውቅ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሰጪዋ የልጁን ስም አትጠይቅም፣ የመጣበትንም አገር አትመረምርም። ልጁም አንገቱን አይደፋም። ነገ መሪጌታ ሆኖ የእሷን ልጅ ፊደል ያስቆጥራል፤ ለባሏ ፍትሐት ያደርሳል። የወሰደውን ቁራሽ በዕውቀት የሚመልስ ስለሆነ የሚያፍርበት ነገር የለውም። በወረርሽኙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግን ይኸው ልጅ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ፣ በአንድ ቀን ብዙ ደጅ የሚረግጥ። በር የተዘጋበት የቆሎ ተማሪ ስንት ቀን በድርቆሽ እንደሚከርም የከተማው የምግብ ፎቶ ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛው የተከለከለ የመካፈል ሥርዓት የጽዋ ማኅበር ነው። በጋይንትም በእስቴም በሚካኤል፣ በማርያም ወይም በመድኃኔዓለም ቀን በየወሩ የሚጠጣ ጽዋ አለ። ተራው የደረሰው ጠላውን ይጠምቃል፣ ድፎውን ይጋግራል፤ ካህኑ ይባርካል፣ ሙሴው ሥርዓቱን ይመራል፣ ደጅ የቆመ ነዳይም ድርሻው ይወጣለታል። በመጨረሻ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይተላለፋል። አዝመራው የከዳው ባለተራ ቢኖር ከማኅበርተኛው አንዱ እህል ያበድረዋል፤ ነገሩ ከዚያ ደጅ አይወጣም። ዘንድሮ የበላው በሚመጣው ዓመት ያበላል። ዘላለም ሰጪ ወይም ዘላለም ተቀባይ ተብሎ ስም የሚወጣለት ሰው በመካከላቸው የለም። ሐዘን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ጎረቤት እንጀራውን በሞሰብ ይዞ ይመጣል፣ ለቀስተኛው ንፍሮ ይዘግናል፣ ማን ስንት እንጀራ አመጣ ብሎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ የለም።

በአንድ ዋንጫ መጠጣት ያኔ አደገኛ ነበር፤ ክልከላው ልክ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው በክልከላው ማግሥት ስለተደረገው ነው። ለፋሲካ «ማዕድ ማጋራት» የሚል ጥሪ ከላይ መጣ፤ አዲስ አበባም የምግብ ባንክ አቋቋመች። በአስጨናቂ ጊዜ የተባለ መልካም ቃል ነበር፤ ብዙ ሰውም በቅን ልብ ጓዳውን ከፍቷል። ወረርሽኙ አልፎ ቃሉ ሲዘልቅ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ዛሬ ማዕድ ማጋራት የበዓል ዋዜማ የመንግሥትና የድርጅት መርሐ ግብር ነው። ያየው ያውቀዋል። ዘይቱና ዱቄቱ አዳራሽ ፊት ይደረደራል፤ ባነር ይሰቀላል፤ እናቶች ከጧት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። እንግዳው አርፍዶ ይመጣል፣ ንግግር ያደርጋል። ከዚያ አንዲት አሮጊት ተጠርታ ዘይቱን ትቀበላለች፤ ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉ» ይላል። ማታ በዜና ትታያለች። ልጇ አረብ አገር ሆኖ በስልኩ ሊያያት ይችላል፤ ለአምስት ሊትር ዘይት የከፈለችው ይህንንም ይጨምራል።

የእኛ ሰው ችግሩን ለጎረቤቱ እንኳ በዘወርዋራ ነው የሚናገር። የስማዳ ባላገር ጎተራው ባዶ ሆኖ እንግዳ ቢመጣበት ከዘመድ ተበድሮ ያቀርባል እንጂ የለኝም አይልም። ይህን ሰው ካሜራ ፊት አቁሞ ተመጽዋች ማድረግ ከረሃቡ የማይተናነስ በደል ነው። የቀኝ እጅን ሥራ ግራ እጅ እንዳያውቅ የሚያዘውን ወንጌል በየሰንበቱ የምንሰማ ሰዎች፣ ምጽዋታችንን ለሚሊዮን ተመልካች ስናውጅ አለማፈራችን ይገርመኛል።

ቴሌቪዥን ማዕድ ሲያሳይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ የምናውቅ ሕዝብ ነን። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያኔ ካሜራው የበላተኛውን ነውር ነበር ያወጣው። ዛሬ ዞሮ በተቀባዩ ላይ ተደቅኗል፤ ሰጪው በጎ ሰው ሆኖ ይወጣል፣ ተቀባዩ ለምን እንዳጣ የሚጠይቀው የለም። በ2011 ዓ.ም. በገበታ ለሸገር አንድ ሰው ለእራት የከፈለው 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ከተማ ለማስዋብ ነው ተብሏል፤ ይሁን። ግን እዚያ ገበታ ላይ የተቀመጠውን ሰው ዘይት ተሸክሞ ዞር ይበሉ ያለው አልነበረም።

«የተራበ ሰው ካሜራ አያሳስበውም፤ ፎቶው ደግሞ ሌላ ሰጪ ያመጣል» የሚሉኝ አሉ። የመጀመሪያውን የሚል ሰው ተርቦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሁለተኛው ከፊሉ እውነት ነው፤ ፎቶ ገንዘብ ያመጣል። እንዲያ ከሆነ የዱቄቱን ክምር፣ የመኪናውን ጭነት፣ የደረሰኙን ወረቀት አንሱት። የሴትዮዋን ፊት ለምን?

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን የመብት ጥያቄ በስጦታ መሸፈኑ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ሲረዳቸው የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። እዚያ ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ለሠራበት ይከፈለዋል። ይህ ልመና አይደለም። ክፍያው ዘገየ የሚለውን አቤቱታ ግን በዚያ አገር ያልሰማ ሰው የለም። ክፍያው ሰኔ ላይ፣ ዘር በሚዘራበትና ጎተራ በሚነጥፍበት ጊዜ ቢዘገይ ባለመብቱ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል፤ ወይም በጉን ያለ ዋጋው ይሸጣል። ለዚህ ሰው ለእንቁጣጣሽ ባነር ሰቅሎ ዱቄት ማደል የገዛ ደሞዙን ቀንሶ እንደ ምርቃት መስጠት ነው። የዘገየው ክፍያ በዜና አይወጣም፤ የታደለው ዱቄት ይወጣል።

ስለዚህ ለሚመጣው በዓል ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥታችሁ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ዋሽንግተን የምትኖሩ ወገኖቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ልትሰጡ ካሰባችሁ አዳራሽ አትከራዩ፣ ባነር አታሳትሙ። የመንደራችሁን ማኅበር ሙሴ ወይም የአብነት ትምህርት ቤቱን መምህር በስልክ ጠይቁ፤ ዘንድሮ ማን እንደከበደው ያውቃሉ። በእነሱ እጅ ስደዱት፤ ከማን እንደመጣም አያስወሩ። የወረዳ ባለሥልጣናት ደግሞ የበዓሉን መርሐ ግብር ትታችሁ የሴፍቲኔቱን ክፍያ በወሩ አድርሱ።