የዘፋኙ ስም፣ የአድናቂው ብር

አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ስልኩን ከፍቶ «ወገኖቼ፣ ድረሱልኝ» ሲል ብር ይጎርፋል። አድናቂ የሚወደውን ሰው አይመረምርም፤ ይሰጣል። ልግስናው ያኮራኛል። የምቃወመው ከልግስናው በኋላ የሚወርደውን ዝምታ ነው። ስንት ገባ? በማን እጅ አለፈ? ለማን ደረሰ? ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ «እሱ ቢያንስ አደረገ፤ አንተስ ምን አደረግህ?» የሚል ቁጣ ነው። የታዋቂ ሰው በጎ አድራጎት ሒሳብ አይጠየቅበትም የሚል እምነት በመካከላችን ሥር ሰዷል። እምነቱ ስሕተት ነው፤ አስቀድሞ የሚጎዳውም ተረጂውን ነው።

ነገሩን ከአዊ ልጀምር። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በመተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከመተከል የሸሹ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአማራ ክልል አዊ ዞን ወዳለችው ቻግኒ ገቡ፤ ብዙዎቹም ራንች በሚባለው ስፍራ ተጠለሉ። ቻግኒን ሩቅ ያለው አድማጭ የሚያውቃት የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) የትውልድ ከተማ ስለሆነች ነው። ተፈናቃዩ ግን በሮጠበት ሌሊት ያገኘው የጎረቤት ቤትና የጎረቤት እንጀራ ነበር። በማኅበራዊ ሚዲያ የተከፈተው ማሰባሰቢያ ከኋላ ደረሰ። መድረሱ መልካም ነው፤ የተራበ ሰው እርዳታው ዘገየ ብሎ አይመልስም። የሚያሳዝነኝ የኋለኛው ስምና ፎቶ ሲታወስ የፊተኛው መረሳቱ ነው። በዚያ ሰሞን ቤቱን ለተፈናቃይ የለቀቀ ገበሬ ማንም ቃለ መጠይቅ አላደረገለትም።

የአዊ ሰው ገንዘብ በጋራ አሰባስቦ በጋራ መቆጣጠርን ከዘፋኝ የሚማር ሕዝብ አይደለም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን በእንጅባራ የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላቱን በደስታም በሐዘንም ሲያገናኝ ኖሯል። በዳንግላ በየሰፈሩ ያለው ዕድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ገንዘብ ያዡ የተከበሩ ሽማግሌ ቢሆኑም መዝገቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ ሲነበብም ማንም «ተጠረጠርኩ» ብሎ አይቀየምም። እንግዲህ የሰፈር ሽማግሌ የማይቀየሙበትን ጥያቄ ዘፋኝ የሚቀየምበት በምን ምክንያት ነው?

አንዳንዶች በስውር ስለ መመጽወት የሚያስተምረውን ወንጌል ይጠቅሱልኛል። ትምህርቱ ሰው ከገዛ ኪሱ ስለሚሰጠው ምጽዋት ነው። ዘፋኙ ከራሱ ገንዘብ ቢሰጥ፣ ቢደብቀውም ቢያውጀውም፣ ከፈጣሪው ጋር ይጨርሰው፤ እኔ አልገባበትም። ከሺሕ አድናቂዎች የሰበሰበው ግን አደራ ነው። በውስጡ ከወር ደመወዟ ቀንሳ መቶ ብር በቴሌብር የላከች አስተማሪ አለች፤ ሪያድ በሰው ቤት እየሠራች የላከች እኅትም አለች። የእነሱ ብር የዘፋኙ ምጽዋት ሊባል አይችልም።

በኅዳር 1977 ዓ.ም ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ለኢትዮጵያ ረሃብተኛ የሚሆን ዘፈን ለማውጣት የእንግሊዝን ዘፋኞች ሰብስበው ባንድ ኤይድን አቋቋሙ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም ደግሞ ላይቭ ኤይድ በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። ያ ዘፈን ስለ እኛ የሳለው ምስል እስካሁን ያመኛል። የጋና ዝርያ ያለው ዘፋኝ ፊውዝ ኦዲጂ ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ2014 እንደ ገና ሲቀረጽ አልሳተፍም ያለው ስለ አፍሪካ በሚሰጠው በዚሁ ምስል የተነሳ ነበር። ሆኖም ባንድ ኤይድ እኛ የጎደለን አንድ ነገር ነበረው፤ በሕግ የቆመ፣ በባለአደራዎች የሚመራ ተቋም። በ2002 ዓ.ም ቢቢሲ ለረሃብተኛው የተላከ ገንዘብ ለአማፅያን መሣሪያ መግዣ ዋለ የሚል ዘገባ ሲያሰራጭ የባንድ ኤይድ ባለአደራዎች አቤት አሉ፤ በ2003 ዓ.ም ቢቢሲ በባንድ ኤይድ ገንዘብ ላይ ማስረጃ እንደሌለው አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። በግል ስሙ የሚሰበስብ የእኛ ዘፋኝ ነገ እንዲህ ያለ ክስ ቢነሳበት መከላከያው የአድናቂዎቹ ቁጣ ብቻ ነው። ቁጣ ደግሞ ንጹሑንም ሌባውንም እኩል ይሸፍናል።

በቲክቶክ የቀጥታ ስርጭት የሚለመንበት መንገድ ከዚህ ይብሳል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም ቢቢሲ ባወጣው ምርመራ፣ በሶሪያ መጠለያ ካምፖች ያሉ ቤተሰቦች በቀጥታ ስርጭት ሲለምኑ ከሚላክላቸው ስጦታ ቲክቶክ እስከ 70 በመቶ እንደሚወስድ አሳይቷል። ጽጌረዳና አንበሳ የሚባሉትን የቲክቶክ ስጦታዎች እየላከ «ለተፈናቃይ ሰጠሁ» የሚል አድናቂ ይህን ማወቅ አለበት፤ ሊነግረው የሚገባውም ጠያቂው ዘፋኝ ነው። ተረጂው ራሱ ደግሞ ማየት እንኳ ያልቻለበት ጊዜ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በስሙ የሚለመንለት ሰው ምን እንደ ተባለለትና ስንት እንደ ተሰበሰበለት የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ሕጉ አልጠፋም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ስለሚቋቋም የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ይደነግጋል፤ ዘርፉን የሚቆጣጠረውን ባለሥልጣን ፈቃድም ይጠይቃል። አሠራሩ ይንዛዛል፣ ቢሮክራሲው ሕመምተኛ ይገድላል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፤ ነገ ካልታከመ የሚሞት ልጅ የፊርማ ሰልፍ አይጠብቅም። መልሱ ግን ፈቃዱን ማፋጠን ነው። ከዘፋኙ ወይም ከአጎቱ ልጅ የግል ሒሳብ ቁጥር በታች «አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን» ጽፎ መለጠፍ መልስ አይሆንም።

ጥላሁን ገሠሠ ስለ ረሃብተኛው «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን ሲዘፍን ድምፁ ስንቱን እንዳስለቀሰ የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። ድምፅ ይህን ያህል ኃይል ካለው ተጠያቂነቱም በዚያው ልክ ከፍ ሊል ይገባል። ካሜራ ፊት በዘይት ጀሪካንና በዱቄት ከረጢት መካከል አንገቷን ደፍታ የምትቆመው እናት ለእርዳታው በክብሯ ዋጋ እየከፈለች ነው። ይህ ክፍያ በየትም ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ስለዚህ ለአዊ ተፈናቃይ ወይም ሕመምተኛ የሚሰበስብ ዘፋኝ፣ ትልቅም ይሁን ጀማሪ፣ በባንክ ሒሳቡ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዎች በጋራ እንዲፈርሙ ያድርግ፤ ከሦስቱ አንዱ ገንዘቡ የሚደርስበት ቀበሌ ነዋሪ ይሁን። የገባውና የወጣው በአማርኛም በአውንጊም ተጽፎ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በቻግኒ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። የተረጂ ፊት ያለ ፈቃዱ አይቀረጽ። ይህን ያላደረገ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ «ድረሱልኝ» ሲል፣ አድናቂው ቴሌብሩን ከመክፈቱ በፊት የመጀመሪያውን ዙር ሒሳብ ይጠይቀው።