በእቁብ ለተገጣጠምከው

ይድረስ ለጌም ኮምፒውተር፣

ምስጋናዬ ከክዳንህ ይጀምራል። ሁለት ብሎን ሲፈታ ጎንህ ይከፈታል፤ ውስጥህ ያለው ሁሉ ይታያል፣ ይነካል፣ ይነቀላል። የዛሬ ስልክ በሙጫ የታሸገ ነው። ስስ ላፕቶፕም ብዙውን ጊዜ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ፣ አቅሙ ሲያንስ የሚጨመርለት ነገር የለም። የአንተን አብዛኞቹን መሰኪያዎች ግን ተፎካካሪ ድርጅቶች ሳይቀሩ በአንድ ልክ ተስማምተው ሠርተዋቸዋል። አንዱ አገር የተሠራ ቦርድ፣ ሌላ አገር የተሠራ ራም፣ ሌላ አገር የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ቡታጅራ ይመጡና እኔ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ፤ ዓይነታቸው እስከተስማማ ድረስም አብረው ይሠራሉ።

ወልቂጤ ተምሬ ቡታጅራ ነው የምሠራው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የዘቢዳር ተራራ አለ፤ ከተራራው በዚህም በዚያም ወገን አንድ ክፍል ሲበላሽ ዕቃውን ለአምራቹ የሚመልስ ሰው አላውቅም። የሚያድነን መከፈትህ ነው። የተበላሸችውን ክፍል ለይተን እሷን ብቻ እንለውጣለን፤ የቀረው ይቀጥላል።

በክፍል በክፍል የምትገዛ መሆንህም ለእኛ እንደተፈጠርክ ነው። አንተን በአንድ ጊዜ ከፍሎ የወሰደ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አላየሁም። የእኔው በእቁብ ነው የተገጣጠመው። የመጀመሪያው ዕጣ ሲወጣልኝ ቦርዱና ራይዘን 5 1600 ፕሮሰሰሩ መጡ። ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውምና፣ ስክሪን ከማሳየት በቀር አቅም የሌላት አሮጌ ካርድ ተውሼ ሰካሁበት፤ በዚያ ከረምኩ። ራሙም ኤስኤስዲውም እንዲሁ ተራቸውን ጠብቀው መጡ። ትልቁን ግራፊክስ ካርድ ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ አምጥቶልኝ ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ አስረከበኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ1,599 ዶላር ወደ ገበያ የወጣው አርቲኤክስ 4090 ካርድ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታከልበት ከ92 ሺህ ብር አካባቢ ወደ 160 ሺህ ዘለለ ማለት ነው። በዚያ ወቅት ሙሉ ኮምፒውተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ሐሳቡን ተወ። እኔ ግን የጎደለኝ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበር ጠበቅኩ፤ ኋላም ደረሰልኝ።

የእቁባችን ዳኛ የተከበሩ አባት ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕጣውን ሲያስረክቡኝ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ብር ለጌም?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። በወልቂጤም በቡታጅራም ልጆች ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተው በየጨዋታው እየከፈሉ ኳስ ሲጫወቱ ያመሻሉ፤ ወላጅም ጌም የሚባለውን የሚያውቀው በዚህ ነው።

እኔ ግን የዚያን ጨዋታ ውለታ መናገር እፈልጋለሁ። ፕሌይስቴሽን 4 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም በአንድ ቺፕ የተሠራው በኤኤምዲ ነበር። ድርጅቱ በእነዚያ ዓመታት በኪሳራ ይንገዳገድ ነበር፤ ከጌም ማሽን ቺፖች የሚያገኘው ገቢ ደግፎ አቆየው። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይዘንን ይዞ ተመለሰ። ዛሬ እኔ ቦርድ ላይ የተቀመጠው የዚያ ተከታይ ነው። የዓለም ወጣት ለመጫወት የከፈለው ገንዘብ ነው ይህን የመሰለ የስሌት አቅም አንድ ሠራተኛ በእቁብ ሊደርስበት ወደሚችለው ዋጋ ያወረደው። ለሳይንስ ብቻ ቢሠራ ኖሮ ዛሬም በትልልቅ ተቋማት ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ካሽህ ለብቻው ላመስግንህ። በ4.5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር አንዱ ምቱ 0.22 ናኖሰከንድ ነው፤ ብርሃን እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ 7 ሴንቲሜትር አይሞላም። ከራም መልስ እስኪመጣ ግን ከ60 እስከ 90 ናኖሰከንድ ያልፋል። በመቶ የሚቆጠር ምት ሥራ ተፈትቶ ይጠበቃል ማለት ነው። ካሽ የተባለው ትንሽ ሚሞሪ የተፈጠረው ይህን ጥበቃ ለማሳጠር ነው፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሦስተኛው እርከን እንኳ በ10 ናኖሰከንድ አካባቢ ይመልሳል። ሐሳቡን እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1965 በጽሑፍ አቅርቦት ነበር። ለምን በብዛት አይሠራም ቢባል፣ ራም አንዲቷን ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ሲይዝ ካሽ ስድስት ትራንዚስተር ይፈልጋል። ቦታ ይበላል፤ ቦታ ደግሞ ሲሊከን ላይ ውድ ነው።

መሐንዲሶቹ ወደ ጎን ቦታ ሲጠብባቸው ወደ ላይ ሠሩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2022 በወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ላይ፣ ከነበረው 32 ሜጋባይት በላይ ሌላ 64 ሜጋባይት ካሽ ደረቡ። ሁለቱን ያያያዙት ያለ ብየዳ፣ መዳብን ከመዳብ ጋር በቀጥታ አጣብቀው ነው። 96 ሜጋባይት ሆነ፤ ቢቶቹን ለመያዝ ብቻ ከ4.8 ቢሊዮን በላይ ትራንዚስተር ማለት ነው። የተደረበው ቺፕ ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚያግድ ከፍተኛ ፍጥነቱን ከታላቅ ወንድሙ ከ4.7 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ዝቅ ማድረግ ግድ ሆነባቸው። እንዲያም ሆኖ በጌም በለጠ፤ ዘገምተኛ ሆኖ የማይጠብቀው፣ ፈጣን ሆኖ ከሚጠብቀው ቀደመ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 በወጣው 9800ኤክስ3ዲ ደግሞ ካሹን ከታች፣ ማስያ ክፍሉን ከላይ አድርገው የሙቀቱን ችግር አቃለሉት። ይህን ሳነብ የተሰማኝ ደስታ የራሴን ሥራ ያሻሻልኩ ያህል ነበር።

እውነቱን ለመናገር ለሥራዬ ምስል ሬንደር ሳደርግ ይህ ካሽ ብዙም አይጨምርልኝም። ለእኔ ትልቁ ስጦታ ሌላ ነው፦ 5800ኤክስ3ዲው የመጀመሪያው ራይዘን በተሰካበት ሶኬት ላይ፣ ቦርዴን ሳልለውጥ ገባልኝ። የጠየቀው የቦርዱን ማስነሻ ፕሮግራም፣ ባዮሱን፣ ማደስ ብቻ ነበር። ባዮስ በሚታደስበት ደቂቃ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ በእኛ ከተማ ደግሞ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማንም አይነግርህም። ዩፒኤሱን ቀኑን ሙሉ ሞልቼ፣ ስክሪኑን ሳይቀር ከእሱ ላይ ሰክቼ፣ ሰው ሁሉ እራት በልቶ ምጣዱም ምድጃውም ከጠፋ በኋላ ጀመርኩ። መቶኛው ሲሞላ ፕሮሰሰሩን ቀየርኩና አበራሁት። ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እጄን ለጸሎት ነው ያነሳሁት።

ግራፊክስ ካርድህ የዕለት እንጀራዬ ነው። የእኔ አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፤ 3,584 ትንንሽ ማስያ ክፍሎቹ እኩል ይሠራሉ። ሥራዬ ያልተሠራ ቤትን እንደተሠራ አድርጎ ማሳየት ነው፤ በብሌንደር። የእቁባችንን ዳኛ ጥያቄም በዚሁ መለስኩላቸው። ለልጆቻቸው ሊያሠሩ ያሰቡትን ቤት ፕላን ተቀብዬ፣ የጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ጭምር አሳየኋቸው። በፕሮሰሰር ብቻ ቢሆን ሌሊቱን ይፈጅ የነበረው ምስል ሻይ ሳይጠጡ ደረሰ። ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና «በረንዳውን አስፋልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የዕጣዬን ብር ሲሰጡኝ ምን ልገዛ እንደሆነ እየጠየቁ ይመርቁኛል።

ካርድህ ለሰው ሠራሽ አስተውሎትም መንገድ ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሌክስ ክሪዤቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን በምስል ማወቅ ውድድር ያሸነፉበትን አሌክስኔትን ያሠለጠኑት በሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርድ ነበር። ለጌም ተብሎ የተሸጠ፣ እያንዳንዱ 3 ጊጋባይት ብቻ ሚሞሪ ያለው ካርድ! ዛሬ ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ፕሮጀክታቸው የሚመጡ ልጆች ሥራቸውን እኔ ካርድ ላይ ያሳድራሉ። አንዷ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ታሠለጥን ነበር። ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉት 28 ተጨማሪ ፊደላት እ.ኤ.አ. መስከረም 2021 በዩኒኮድ 14 ስለገቡ፣ እነሱንም ጨምራ ነበር። አያቶቿ የሚናገሩትን ቋንቋ ፊደል፣ ተኩስና ሩጫ ለማሳየት የተሠራ ካርድ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና አደረ። እኔም አጠገቡ አደርኩ፤ ፋኑን እየሰማሁ።

የመብራት ሶኬትህ ጉዳይ ይቀረኛል፤ ይህን የምጽፈው ለሙያ ባልደረቦቼም ጭምር ነው። ካርድህ ከቦርዱ ሶኬት 75 ዋት ያገኛል። እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያሉት በዚያው ይኖራሉ፤ አሮጌ የቢሮ ዴል ውስጥ ተሰክተው ለስንት ልጅ የመጀመሪያ ማሽን ሆነዋል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ባለ 8 ፒን ኬብል አለው፤ 150 ዋት የተፈቀደለት፣ ከተፈቀደለትም ብዙ የሚችል ጠንካራ ኬብል። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው አዲሱ ሶኬት ግን 600 ዋት በአንድ ትንሽ ጫፍ ያሳልፋል። ቮልቱ 12 ስለሆነ 600 ዋት ማለት 50 አምፔር ነው፤ በስድስት ፒን ሲካፈል እያንዳንዱ ከ8 አምፔር በላይ ይሸከማል፤ አቅሙ ከ10 አምፔር በታች ሆኖ ሳለ። የቤታችን የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢወስድ እንኳ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ወፍራሙ የምጣድ ገመድ ከሚያልፍበት ሦስት እጥፍ የሚሆን ጅረት በአውራ ጣት በምትሸፈን ፕላስቲክ ውስጥ ያልፋል።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ 4090 ካርዶች ሶኬታቸው እየቀለጠ መገኘት ጀመረ። ሲመረመር ብዙዎቹ ኬብሉ እስከ መጨረሻው ያልገባባቸው ነበሩ። ደረጃ አውጪው አካል ሶኬቱን አሻሻለው፦ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙትን ፒኖች አስረዘመ፣ መሰካቱን የሚያረጋግጡትን አራት ትንንሽ ፒኖች አሳጠረ። ኬብሉ በደንብ ካልገባ ካርዱ ሙሉ ኃይል አይጠይቅም። ጉድለቱ በአደባባይ ተነገረ፤ እርማቱም በአደባባይ ወጣ። አዲስ አበባ ለአንድ የቪዲዮ ስቱዲዮ 4090 ስገጥም ይህን ሁሉ አንብቤ ነበርና፣ ኬብሉ ሲቆለፍ ድምፁን ሰማሁ፣ በባትሪ መብራት ክፍተት እንደሌለው አየሁ፣ ከሶኬቱ ጫፍ እስከ 35 ሚሊሜትር ድረስ ሳላጥፈው አሳለፍኩት። ስለ ጅረትና ስለ ላላ መሰኪያ ሙቀት ትምህርት ቤት የተነገረኝን ያን ቀን በእጄ አወቅኩት።

በእኛ ከፍታ ስለምትደክመውም አመሰግንሃለሁ። ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋንህ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ መሽከርከር አለበት። በበጋ አቧራው ይጨመርበታል። የኤሌክትሪክ መቋረጥን ግን ከምትታገሠው በላይ እንድትታገሥ አልጠብቅም፤ ፓወር ሰፕላይህ መብራት ከተቋረጠ በኋላ ለ16 ሚሊሰከንድ ገደማ ይይዝሃል፣ ይህም ከአንድ ሙሉ የ50 ኸርዝ ሞገድ ያነሰ ነው። የቀረው የዩፒኤሱና የእኔ ሥራ ነው።

የቦርድህ ሶኬት ዘመኑን እየጨረሰ ነው። የሚቀጥለው ዕጣዬ አዲሱን ቦርድ ከነፕሮሰሰሩና ከነራሙ ይገዛል፤ ግራፊክስ ካርዱና ኬዙ ይቀጥላሉ። አሮጌው ቦርድ ከነፕሮሰሰሩ እኔ ዘንድ ሥራ ለሚማረው ልጅ ይሰጣል። ለጌም ይሁን ለትምህርት አልጠየቅኩትም። ፓወር ሰፕላዩን የሚገዛለት የእናቱ እቁብ ኅዳር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በፊት የፕሮሰሰር ፔስት መቀባትን አስተምረዋለሁ።


ከቡታጅራ