ብሎን አጥባቂ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና አገር፣ ከታይዩዋን፣ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ወደ ሰማይ በወጣች ጊዜ፣ በደብረ ብርሃን የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲያ የተነሣው ጥያቄ ግን ደስ አላሰኘኝም። «ዶክተሮቹ እነማን ናቸው?» ተባለ እንጂ «የሮኬቱን ብሎን ማን አጠበቀው?» ያለ አንድ እንኳ አልሰማሁም።

አንባቢ ሆይ፣ የሮኬት ሞተር ከመብረሩ በፊት በምድር ላይ ይፈተናል። በብረትና በሲሚንቶ ከተሠራ መደብ ጋራ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ ይቀጣጠላል፤ ይኸውም እንዲበር ሳይሆን ግፊቱ እንዲለካ ነው። በብዙዎቹ ሞተሮች የሚገባው ኦክሲጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ነው። ቧንቧውን የሚገጥመው ሠራተኛ ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቀ፣ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ ጥቂት በጥቂት ያጠብቃል፤ ባንድ ወገን ብቻ ከጠበቀ በጓርኒሲዮኑ በኩል ያፈሳልና። ተራ ቅባት በቧንቧው ውስጥ ቢቀር ከኦክሲጅኑ ጋራ ተገናኝቶ በትንሽ ምክንያት ይነዳል። እኛ «ቆሻሻ» የምንለው ሙያ እንዲህ ያለ ንጽሕና ይጠይቃል! የሊቁ ስሌት የቱን ያህል ቢሰምር፣ መጨረሻው የሚያድረው በዚህ ሰው ጣት ላይ ነው።

እኛ ግን ብረት የሚሠራውን ሰው ጠይብ ብለን ሰደብነው፤ ቡዳ ነው ብለን ልጆቻችንን ከዐይኑ ሸሸግን። በማረሻው አርሰን፣ በማጭዱ አጭደን፣ ሴት ልጃችንን ለልጁ ነፈግነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ዲሜጥሮስ የሚባል የባሕር ማዶ ሰው በአንኮበር የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር፤ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ ተተወ፤ ሴቶቹም በድንጋይ መፍጨታቸውን ቀጠሉ። (ያን ፍርድ የሰጡት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ወፍጮ ላይ ያጎነበሱ አይመስለኝም።) አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። መቶ ዓመት አለፈ፤ ስድቡ መልኩን ለወጠ እንጂ አልሞተም።

«ዛሬ ማን ጠይብ ይላል? ዘመኑ ሠልጥኗል» የሚለኝ አይጠፋም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር፣ ውጤቱ ዝቅ ያለ ልጅ «እሱ ለሙያ ትምህርት ቤት ይበቃዋል» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ወላጅም መምህርም ይለዋል። ቅጣት ይመስል!

ባለፈው ዓመት በአንድ ሠርግ ላይ አንድ አዛውንት ስለ ወንድማቸው ልጅ ቢጠየቁ፣ ፊታቸውን አዙረው «እሱማ ብሎን አጥባቂ ሆኖ ቀረ» አሉ።

«ጋሼ፣ ከሸኖ ያመጣዎት አውቶቡስ ጎማው በምን ተይዞ መጣ?» አልኋቸው።

ጠጃቸውን ቀመሱና ዝም አሉ። ማታም በዚያው አውቶቡስ ተመለሱ።