ሰው የለም ብለን የሄድንበት ሰልፍ



በጃንዋሪ ሁለተኛው ሳምንት ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነሥተን፣ 14 ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዘን፣ ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ከሚገኙት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ወደ አንዱ ሄድን። የፈረንጆቹ ገና አልፏል፤ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ብርድ ነው። “በዚህ ጊዜ ማን ይመጣል?” ብለን ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት አስፈቅደን፣ እኛም ከአገልግሎት ፈቃድ ወስደን ነበር የወጣነው። በሩ ሳይከፈት ስንደርስ ግን የመኪና ማቆሚያው እየሞላ ነበር። በመጀመሪያው መጫወቻ መግቢያ ላይ የሚታየው የመጠበቂያ ጊዜ 95 ደቂቃ ይላል። ከፊታችን የቆመ አንድ አባት ወደ ሚስቱ ዞሮ እኛ ልንለው ያሰብነውን ቀድሞን ተናገረ፤ “ሰው አይኖርም ብለሽኝ አልነበር?”

“ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ” ይላል ያገራችን ሰው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የቆምነው ሁላችን ብልጦች ነበርን።

ይህን የምንጽፈው ፓርክ ለማማት ወይም ስለ ጉዞ ለመምከር አይደለም። በየዓመቱ ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ ደክመውና ተኳርፈው የሚመለሱ ቤተሰቦችን በጉባኤያችን ስለምናይ ነው። ያ ሰልፍም ስለ ዕረፍታችን አንድ ነገር ስላስተማረን ነው።

የት ሄደ ያ ጸጥታ?

ቀድሞ ሰው የማይበዛበት ወቅት በእርግጥ ነበረ። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በኦርላንዶ አቅራቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ለብዙ ዓመታት ሰው የሚጎርፈው ትምህርት ቤት ሲዘጋና በበዓላት ሰሞን ነበር፤ ጃንዋሪና ሴፕቴምበር ረገብ ይሉ ነበር። ነገር ግን ለነጋዴ ባዶ ቀን ኪሳራ ነውና ባዶዎቹ ቀናት አንድ በአንድ ተሞሉ። ከ1994 ጀምሮ በዲዝኒ በጃንዋሪ የማራቶን ሩጫ ይካሄዳል፤ ሯጩ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ቤተሰቡን ይዞ ነው። ከ2017 ጀምሮ ኤፕኮት በተባለው ፓርክ በዚሁ ሰሞን የሥነ ጥበብ ፌስቲቫል ይደረጋል። ከ2016 ጀምሮ የአንድ ቀን ቲኬት ዋጋ እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ሰው የሚበዛበት ቀን ይወደዳል፣ ጸጥ ያለው ይረክሳል። የረከሰውን ቀን ደግሞ ሁላችንም እናየዋለን።

በደቡብ አሜሪካ በዚያ ወር ሙቀት ነው፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ለእኛ ብርድ የሆነው ወር ለብራዚል ቤተሰቦች የዓመቱ ትልቅ ዕረፍት ነው። በዚህ ላይ ከቤታቸው የሚሠሩና ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች በፈለጉት ሳምንት መንገድ ይጀምራሉ። ፓርኮቹም ሰው ይቀንሳል በሚባልበት ጊዜ አንዳንድ መጫወቻዎችን ለጥገና ይዘጋሉ፤ የሥራ ሰዓትም የሚያሳጥሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሰው ቢቀንስ እንኳ ሰልፉ ላያጥር ይችላል፤ በሩም ጠብቧልና።

ማጂክ ኪንግደም የተባለው ፓርክ ብቻውን በ2023 ከ17 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ እንደገባበት ይገመታል። ይህን ለ365 ቀን ብናካፍለው በቀን ከ46 ሺህ ሰው ያልፋል። በእንዲህ ያለ ቁጥር ውስጥ ባዶ ቀን ከየት ይገኛል?

እኛ ግን አንድ ነገር እናስተውል። ሁላችንም ያንኑ ምክር ሰምተን፣ ያንኑ ርካሽ ሳምንት መርጠን፣ እዚያው ተገናኘን። ከዚያም እርስ በርስ ተያይተን “ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊሠራ መጣ?” አልን። ሰው “ሕዝቡ በዛ” ሲል ራሱን አይቆጥርም። የእኛም ስሕተት ከዚህ ጀመረ። ሌላው ሰው የእኛን ዕረፍት ሊሻማ የመጣ መሰለን እንጂ እንደ እኛው ደክሞት የመጣ አልመሰለንም።

ጌታም ሰው ወደሌለበት ሄዶ ነበር

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው በአምስቱ እንጀራና በሁለቱ ዓሣ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን በዕረፍት ዕቅድ ነው። ሐዋርያት ከአገልግሎት ተመልሰው የሠሩትን ሁሉ ለጌታ ነገሩት። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እህል የሚቀምሱበት ጊዜ እንኳ አልነበራቸውም። ጌታም ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ጋበዛቸው። ወገኖች ሆይ፣ ይህን ግብዣ አንለፈው። ዕረፍቱን ያሰበው ራሱ ጌታ ነው። ስለዚህ “አማኝ ለምን ይዝናናል? ገንዘቡን ለወንጌል ለምን አይሰጥም?” እያልን የደከመውን ቤተሰብ ከመውቀሳችን በፊት ይህን ክፍል ደግመን እናንብበው።

በጀልባ ሄዱ። ሕዝቡ ግን ከየከተማው በእግሩ ሮጦ ቀደማቸው። ሰው የለም ብለው የሄዱበት ስፍራ ሰው ሞልቶት ጠበቃቸው! ደቀ መዛሙርቱ በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማቸው አልተጻፈም። የመኪና ማቆሚያው ሞልቶ ያየን እኛ ግን መገመት አይከብደንም። ጌታ የተሰማው ተጽፏል፤ አዘነላቸው። እረኛ እንደሌላቸው በጎች ሆነው አያቸው። እኛ ሕዝብ ስናይ የምንቆጥረው ደቂቃ ነው፤ እርሱ ያየው ድካማቸውን ነው።

ቀጥሎም ሕዝቡን በለመለመው ሣር ላይ በመቶና በአምሳ እየተከፋፈሉ እንዲቀመጡ አዘዘ። የሚገፋፋው ብዙ ሰው ጎረቤቱን የሚያይ ማኅበር ሆነ። በዚያ ሣር ላይ ከፍሎ የሚቀድም አልነበረም። በዘመናችን ፓርኮች ግን መክፈል ያስቀድማል። ዲዝኒ ከ1999 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጠው የነበረው የተራ ማስያዣ በ2021 በክፍያ በሚገኝ ተተክቷል። ይህ የንግድ ሕግ ነውና ነጋዴውን አንከስም። ነገር ግን ልጆቻችን ከፍሎ የሚያልፈውንና ቆሞ የሚጠብቀውን እያዩ ሲያድጉ፣ በጌታ ማዕድ እንዲህ ያለ ልዩነት እንደሌለ ማን ይነግራቸዋል? ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ባለጠጋውን በክብር ስፍራ፣ ድሀውን ከእግር በታች የሚያስቀምጥ ጉባኤን የገሠጸው ይህ እንዳይለመድ ነው።

ሌላም የምናልፈው ነገር አለ። ደቀ መዛሙርቱ ያገኟት ዕረፍት የጀልባዋ ጉዞ ብቻ ነበረች። የታቀደው ዕረፍት ወዲያ ማዶ ነበር፤ የተገኘው ግን በመንገድ ላይ፣ ከጌታ ጋር በአንድ ጀልባ ሲሆኑ ነው።

በሰልፉ ውስጥ የሰማነው

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በልጃችን ፈቃድ እንጽፋለን።

በ95 ደቂቃው ሰልፍ ውስጥ ሳለን የስልካችን ባትሪ አለቀ። ትንሹ ልጃችን ከኋላችን ከቆሙ ልጆች ጋር መጫወት ጀመረ። የ16 ዓመቷ ልጃችን አጠገባችን ቆማለች። ወሬ ስናጣ፣ “ትምህርት እንዴት ነው?” ብለን ጠየቅናት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣ “መጸለይ ካቆምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል” አለችን። “ቤት ስትጸልዩ ዐይኔን የምጨፍነው እናንተ እንዳታዝኑ ብዬ ነው።”

ደነገጥን። “ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?” አልናት።

“መቼ?” አለች።

መልስ አልነበረንም። ሰኞ የሽማግሌዎች ስብሰባ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ እናቷ የሌሊት ሥራ አለባት፤ አባቷ ሆስፒታል የተኙትን ይጠይቃል። ረቡዕ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ዓርብ የሌሊት ጸሎት፣ ቅዳሜ ሠርግ ወይም ለቅሶ፣ እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ጉባኤ። ስምንት ወር ሙሉ እረኛ እንደሌለው በግ የሆነችው በገዛ ቤታችን ነው፤ ያውም በእረኛ ቤት።

በዚያ ቀን ከሦስት መጫወቻ በላይ አልደረሰንም። ከ40 ደቂቃ በኋላ ተራችን ሲደርስ ግን ልጃችን ገና እየተናገረች ስለነበር ሌሎች እንዲቀድሙን ለቀቅንላቸው። ሠራተኛዋ ግራ ገብቷት አየችን።

የዓመቱን ዕረፍት በአምስት ቀን

እዚህ አሜሪካ ያለ ሐበሻ እንዴት እንደሚኖር እናውቃለን። ቀን ታክሲ ወይም መጋዘን፣ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ። አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፤ የቤት ኪራይ አለ። እናም ለልጆቻችን የጎደለውን ጊዜ ሁሉ አጠራቅመን በአንድ ሳምንት ልንከፍላቸው እንሞክራለን። ኦቨር ታይም ሠርተን ቲኬት እንገዛለን። ያን ያህል የተከፈለበት ቀን ደግሞ መበላሸት የለበትም። ስለዚህ ሰልፉ ሲረዝም ልጁ ላይ እንጮኻለን፤ “ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ የለፋሁት?” እንላለን። ከ95 ደቂቃ ሰልፍ ይልቅ የሚከብደው በዚያ ቀን ላይ የጫንነው የዓመት ዕዳ ነው።

እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሰጠው ዕረፍት በዓመት አንዴ የሚገዛ አልነበረም፤ በየሰባት ቀኑ የሚመጣ ነበር። በዘዳግም ምዕራፍ 5 እንደምናነበው ዕረፍቱ ለጌታውና ለአገልጋዩ፣ ለበሬውና ለአህያው፣ ለመጻተኛውም ጭምር ነው። ምክንያቱም ራሳቸው በግብፅ ባሪያ ነበሩ፤ ባሪያ የዕረፍት ቀን የለውም። ሳምንቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት እየኖርን፣ በዓመት አንዴ የምንሄድበት ስፍራ ባዶ ሆኖ እንዲጠብቀን መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያንን፣ ከሁሉ አስቀድሞም እኛን አገልጋዮችን እንወቅስ። እሑድን ሌላ የሥራ ፈረቃ ያደረግነው እኛ ነን። ከጉባኤ በኋላ ስብሰባ፣ ከስብሰባ በኋላ ልምምድ፣ ከልምምድ በኋላ ሌላ ስብሰባ። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድ ቤተሰብ በጃንዋሪ አንድ እሑድ ቢቀር፣ “መንፈሳዊነቱ ቀዘቀዘ” እንላለን። የቀዘቀዘ ካለ እርሱ ነው ወይስ ልጆቹን እንዲያይ ጊዜ ያልተውንለት እኛ ነን? በየአጥቢያው ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ምሽት ምንም ፕሮግራም የሌለበት ይሁን ብንል ወንጌል አይጎዳም። እሑድ ከቀትር በኋላ ምእመኑ ቤቱ ሄዶ ከልጆቹ ጋር ምሳ ቢበላ ቤተ ክርስቲያን አትፈርስም።

በልጃችን ነገር ሁሉ ተስተካክሏል ብለን አንጽፍም። ጥያቄዎቿ ብዙ ናቸው፤ ለአንዳንዶቹ ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ያመጣነው መልስ አልበቃትም። ነገር ግን እናቷ አንዱን የሌሊት ሥራ ትታለች። ማክሰኞ ማታ ስልክ አናነሣም፤ አራታችን በአንድ መሶብ እንበላለን። ባለፈው ሳምንት እንድትጸልይ አልጠየቅናትም። ከእራት በኋላ ግን አልተነሣችም፤ ተቀምጣ ቆየች።

ወደ ፓርክ ለመሄድ ያቀዳችሁ፣ ሂዱ፤ ደስ ይበላችሁ። ሕዝቡን ስታዩ ግን ደቂቃ ከመቁጠራችሁ በፊት አጠገባችሁ ማን እንደቆመ እዩ። ጋሪ የምትገፋዋን እናት አሳልፏት። እናንተ ስታርፉ ቆማ የምትውለውን ሠራተኛ አመስግኗት። የልጃችሁንም ዝምታ ስሙት።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችንም አላችሁ። ዕረፍትን ብዙ ቦታ ፈልጋችሁ፣ በደረሳችሁበት ሁሉ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ይሆናል። ኢየሱስ ሸክም የከበደባቸውን ሁሉ ወደ ራሱ ጠርቷል፤ የሚመጣውም ቢበዛ ፊቱን አላዞረም። በዚያ ምሽት ሁሉም በልተው ጠግበው 12 መሶብ ቁርስራሽ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ጌታ ሕዝቡን አሰናብቶ ሊጸልይ ብቻውን ወደ ተራራ ወጣ። ያሰበውን ጸጥታ በመጨረሻ አገኘው፤ የመጡትን ግን ሳይመግብ አላሰናበተም።

ጌታ ሆይ፣ የደከሙትን ቤተሰቦች አሳርፍ። እኛም አጠገባችን ያሉትን እንድናይ ዐይናችንን ክፈት። አሜን።